በቅሎ፣ ታንኳ፣ አውሮፕላን፦ ከአገው ምድር እስከ ጣና የጉብኝት ታሪክ

ከአባይ ሸለቆ ማዶ ተነስቶ እስከ ጣና ዳርቻ የሚዘልቀው ደጋ በመንገደኞች ብዕር መጻፍ ከጀመረ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የዚህ ደጋ ምዕራባዊ ትከሻ አገው ምድር ይባላል፤ ዛሬ አብዛኛው ክፍሉ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ነው። ክረምቱ ረጅም፣ ዝናቡ ብዙ፣ መሬቱ ለምለም ነው። ጥንት የፈነዱ እሳተ ገሞራዎች የተዉአቸው ጉድጓዶች ውሃ ቋጥረው እንደ ዘንገናና ጥርባ ያሉ ሐይቆች ሆነዋል። በስተምሥራቅ ሰከላ ላይ የግሽ አባይ ምንጭ አለ፤ በስተሰሜን ጣና ተኝቷል፤ ከጣና ማዶ ጎንደርና የሰሜን ተራሮች ይከተላሉ። አዲስ ቅዳም በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ ከባህር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ይህን አገር እንግዳ መጀመሪያ ያየው በበቅሎ ነው፤ ከዚያ በታንኳ፣ ከዚያ በመኪና፣ በመጨረሻም በአውሮፕላን። መጓጓዣው በፈጠነ ቁጥር ጣናና ጎንደር እየታወቁ፣ አገው ምድር ግን ከጎብኚው ዓይን እየራቀ መጣ።

ለማየት ብቻ ብሎ መንገድ መውጣት በዚህ አገር የቆየ ልማድ አይደለም። ሰው ከቀዬው የሚርቀው ለገበያ፣ ለስለት፣ ለለቅሶ፣ ለሙግት ወይም ለዘመቻ ነበር። ገበያ የሳምንቱን ቀን ተከትሎ ከቦታ ቦታ ስለሚዞር ብዙ ከተሞች ስማቸውን ከገበያ ቀናቸው ወርሰዋል። ከባህር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ሐሙሲትና ማክሰኝት አሉ፤ አዲስ ቅዳምም ቅዳሜን በስሟ ይዛለች። ነጋዴው አሞሌ ጨው ይዞ ይገባል፣ ማርና ሰም ጭኖ ይመለሳል። ስለት ያለበት ሰው ወደ ግሽ አባይ ጠበል ወይም ወደ ጣና ገዳማት ያቀናል። መሻገሪያውን፣ ማደሪያውን፣ ሽፍታ የሚያደባበትን ጫካ ለይተው ያወቁት እነዚህ ነበሩ፤ በኋላ የመጣው የውጭ ጎብኚ ሁሉ የሄደው እነሱ በረገጡት ዱካ ነው። የጉዞ መጻሕፍት ግን ውለታቸውን እምብዛም አያነሱም።

የአባይን ምንጭ አይቶ በጽሑፍ የተወው የመጀመሪያው አውሮፓዊ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ጴድሮ ፓኤዝ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ከአፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር ሆኖ ምንጩ ዘንድ ደረሰ። ከእሱ በኋላ ፖርቱጋላዊው ጀሮኒሞ ሎቦ መጣ። የሎቦን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ያኔ ገና ስም ያላወጣው ሳሙኤል ጆንሰን ነበር። ጆንሰን በ1759 ላሳተመው «ራሴላስ» ለተባለው ልብ ወለዱ የባለታሪኩን ስም ያገኘው ከዚሁ መጽሐፍ ነው፤ ባለ ስሙ የሱስንዮስ ወንድም፣ የጎጃሙ ገዥ ራስ ስዕለ ክርስቶስ ናቸው። የጎጃም መስፍን ስም እንዲህ ተጣሞ የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ገባ። የፓኤዝ መጽሐፍ ግን ሙሉው የታተመው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። ይህ መዘግየት ለጄምስ ብሩስ ጠቀመው።

ስኮትላንዳዊው ብሩስ ወደ ምንጩ የተጓዘው በክፉ ዘመን ነው። ጎንደርን በእጃቸው ያደረጉት የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑልና የዳሞቱ ፋሲል ጦር ተማዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1769 መጨረሻ ሁለቱ ፋግታ ላይ ተዋግተው ፋሲል ተሸነፈ፤ የፋግታ ስም ዛሬም በፋግታ ለኮማ ወረዳ ይጠራል። ሽንፈቱ ግን ፋሲልን አላጠፋውም። በቀጣዩ ዓመት ብሩስ ከጎንደር ሲነሳ በጣና ምዕራብና ደቡብ ያለው አገር ጌታ እሱ ስለነበረ ያለ ፈቃዱ ማንም አያልፍም።

ፋሲል እንግዳውን በፈረስ ፈተነው። ያልተገራ ፈረስ አስቀርቦ ሰጠው፤ ብሩስም ፈረሱ ላብ በላብ ሆኖ እስኪዝል ጋልቦ መለሰው። የመሰናበቻው ቀን ፋሲል የራሱን ፈረስ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ ሸለመው፤ ነገር ግን እንዳይቀመጥበት፣ ፊት ፊቱ እያስነዳ እንዲሄድ አዘዘው። ያን ፈረስ ያየ የአገሩ ሰው እንግዳው የፋሲል መሆኑን አውቆ እጁን ይሰበስባል። ጽሑፍ የሚያነብ ጥቂት፣ ፈረስ የሚያውቅ ግን ሁሉም በሆነበት አገር ከማኅተም ይልቅ ፈረስ ይታመን ነበር። ብሩስ ካሰፈራቸው ገጾች ሁሉ ስለዚህ አገር ብዙ የሚናገረው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ብሩስ ግሽ የደረሰው ኖቬምበር 4 ቀን 1770፣ በእኛ አቆጣጠር በ1763 ዓ.ም. የጥቅምት ወር ሊያልቅ ሲል ነው። የአገሩ አገዎች ወደ ምንጩ ከመቅረቡ በፊት ጫማውን እንዲያወልቅ ጠየቁት፤ ስፍራው በጫማ አይረገጥምና። በየዓመቱ እዚያ መሥዋዕት ይቀርብ እንደነበርም ጽፏል። የጎንደሩ ንጉሥ ቀደም ሲል የግሽን መንደር ርስት አድርገው ሰጥተውት ስለነበር የመንደሩ ሰው እንደ እንግዳም እንደ ጌታም ተቀበለው፤ እሱም ግብሩን ለምንጩ ጠባቂ ተወለት። አገዎች ማር፣ ቅቤ፣ ሰም፣ ቆዳና ከብት ወደ ጎንደር እንደሚያወርዱ፣ ከተማዋ ያለ እነሱ ስንቅ እንደማትኖርም መዝግቧል። የእሱ አገው ምድር ሰው የሚሠራበት፣ የሚገበይበት፣ የሚያመልክበት አገር ነው።

ስለ ራሱ ሲጽፍ ግን ብሩስ እንዲህ ታማኝ አይደለም። ፓኤዝ ምንጩን አላየም ብሎ ተከራከረ። አብሮት የነበረውን የቦሎኛ ሰው፣ ሠዓሊውን ሉዊጂ ባሉጋኒን ከታሪኩ አወጣው፤ ባሉጋኒ ምንጩ ዘንድ ደርሶ የራሱን ማስታወሻ እንደያዘ ዛሬ የታወቀ ነው። ሠዓሊው ከጉዞው ጥቂት ወራት በኋላ ጎንደር ላይ ሞተ፤ አምስት ቅጽ የሆነው የብሩስ መጽሐፍ በ1790 ሲወጣ የሚከራከረው አልነበረም።

ከብሩስ ሰባ ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጎጃምንና አገው ምድርን ዞረ። ቤክ ጀግና መምሰል አልፈለገም፤ የገበያ ቀኖችን፣ የወንዝ መሻገሪያዎችንና ቃላትን ነበር የሚለቅመው። እ.ኤ.አ. በ1845 ባወጣው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ውስጥ የአገው ምድር ቋንቋ ቃላት ከሌሎች ጋር ጎን ለጎን ተደርድረዋል።

የበቅሎ ጉዞ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ጓዝ የሚጫነው ገና ሳይነጋ ነው፤ ፀሐይ ሳይበረታ ተጉዞ ከቀትር በኋላ ሣርና ውሃ ያለበት ቦታ ላይ ድንኳን ይተከላል። አጋሰሱ ጀርባው እንዳይላጥ ጭነቱ በየቀኑ ይመዘናል። የመንግሥት እንግዳ የሆነ ሰው የይለፍ ደብዳቤ ስለሚይዝ ባላገሩ ድርጎ ያቀርብለታል፤ እንጀራ፣ ወጥ፣ ማር፣ በግ፣ ለከብቱም ገብስና ሣር። ድርጎ ለእንግዳው ክብር፣ ለአቅራቢው ግን ዕዳ ነበር፤ ብዙ መንገደኞች የመስተንግዶውን መትረፍረፍ ሲያደንቁ ከማን ጎተራ እንደወጣ አልጠየቁም። ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዙ ሞልቶ፣ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ መንገዱ ይዘጋል። በአገው ምድር ደግሞ ዝናቡ ከዚያም ይረዝማል፤ ስለዚህ የበቅሎ ጎብኚ የሚመርጠው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነበር።

ይህን ሥርዓት ከሁሉ አብልጦ የኖረበት የውጭ ሰው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ከአዲስ ቅዳም ጥቂት ወደ ሰሜን፣ ዳንግላ ላይ ነበር። የብሪታንያ ቆንስላ እንደ ዳንግላ ባለ የገጠር ከተማ የተከፈተበት ምክንያት ከጣና የተነሳ ነው። ግብፅንና ሱዳንን የያዘው መንግሥት የጥቁር አባይ ውሃ ከየት እንደሚነሳ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ጣና ላይ ግድብ መሥራት ይቻል እንደሆነ ማወቅ ፈልጓል። በ1920 እና 1921 እ.ኤ.አ. የግራብሃምና የብላክ የጥናት ቡድን ወደ ሐይቁ ተልኳል፤ በ1930ዎቹ መባቻ ደግሞ ጄ. ጂ. ዋይት የተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት የግድቡን ቦታ ቀይሷል።

ቺዝማን ሥራውን ሲጀምር አባይ ከጣና ወጥቶ እስከ ሱዳን ወሰን የሚሄድበት መስመር በካርታ ላይ አብዛኛው በነጠብጣብ የተገመተ ነበር። ሰው ጎጃምን እየዞረ የሚፈሰውን ወንዝ ያውቀዋል፤ ዳር ዳሩን ተከትሎ የለካው ግን የለም። ሸለቆው ጥልቅና ሞቃት ነው፤ ወባ አለበት፤ ደገኛው ለአንድ ቀን ካልሆነ አይወርድበትም። ቺዝማን በየበጋው በቅሎዎቹን እየጫነ ወደ ሸለቆው አፋፍ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ማዕዘን ለካ፣ ወፎችን ሰበሰበ፤ ከቆንስልነቱ ይልቅ የወፍ አጥኚነቱ ይበልጥበት ነበር። ቀጥሎም የጣናን ዳርቻ ዙሪያውን ሄዶ፣ ደሴቶቹን በታንኳ እየዞረ ገዳማቱን መዘገበ። መጽሐፉ «ጣና ሐይቅና ጥቁር አባይ» በ1936 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጣሊያን አገሩን ወርሮ ነበር። ስለ ጣና ገዳማት የሚጽፍ ሁሉ እስካሁን ወደዚህ መጽሐፍ ይመለሳል፤ የዳንግላ ስም በዓለም ጂኦግራፊ ጽሑፎች ውስጥ የሰፈረውም በቺዝማን ዘመን ነው። በቅሎ ዝግ ያለ መጓጓዣ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት የፈጀው ይህ ሥራም በሌላ መጓጓዣ የሚሠራ አልነበረም።

በዚህ ደጋ ባሕር የሚባለው ጣና ነው። ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን አብዝቶ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ድንገተኛ ይሆናል፤ ታንከኞች ማለዳ የሚቀዝፉት ለዚህ ነው። ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ ነው። በሥራው የታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው፤ አባቶቻቸው ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም በወራት የሚቆጠር ነው። ይህ ደካማ የሚመስል ዕቃ እህል፣ ማገዶ፣ መነኩሴ፣ ንጉሥና ቆንስል አሻግሯል።

ጎብኚዎች ከጥንት ጀምሮ ያልተስማሙበት የደሴቶቹ ቁጥር ነው። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማኑኤል ደ አልሜዳ 21 አለ። ለብሩስ የአገሩ ሰዎች 45 ብለው ነገሩት፤ እሱ ግን 11 ብቻ ናቸው ብሎ አሰበ። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን 37 ተብሎ ተቆጠረ። ልዩነቱ የስንፍና አይደለም። የሐይቁ ውሃ ሲጎድል ደሴት የነበረው ከየብስ ይገናኛል፣ ሲሞላ ደግሞ ይለያል። ከደሴቶቹ ዝነኞቹ ደጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ጣና ቂርቆስና እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ናቸው። ደጋ እስጢፋኖስ አፄ ዘርዓ ያዕቆብን ጨምሮ የነገሥታት አስከሬን ያረፈበት ነው። ወደ ደጋና ወደ ክብራን ሴት አትገባም፤ ስለዚህ ሴት ጎብኚዎች ጀልባ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ ወይም ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይሄዳሉ።

የሞተር ጀልባ አገልግሎት በመደበኛነት የተጀመረው በጣሊያን ጊዜ፣ ናቪጋታና በተባለው የመጓጓዣ ድርጅት ነው። መስመሩ ከነፃነት በኋላም ቀጠለ፤ ከባህር ዳር ተነስቶ በዘጌ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ጎርጎራ የሚደርሰው ሳምንታዊ ጉዞ መንገድ ላይ አሳድሮ ሁለት ቀን ይወስድ ነበር። ጀልባው የጎብኚ ሳይሆን የገበያተኛ ነው፤ ጤፍ፣ ዶሮ፣ በርበሬና ተማሪ አንድ ላይ ይጫናሉ። የጎብኚው ጀልባ ግን ከባህር ዳር ወጥቶ በግማሽ ቀን ሁለት ገዳም አሳይቶ ይመልሳል። ጣናን ለማወቅ የገበያተኛው ጀልባ ይሻላል። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ቁጥር ሁለት የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ወደ ሐይቁ ጉዞ ጀመረች፤ ባሕር በሌለበት ደጋ መርከብ በመኪና ሲሄድ ለማየት በየከተማው ሕዝብ ወጣ።

ጣሊያኖች በአምስት ዓመት ቆይታቸው ለጉብኝት ታሪክ ሁለት ነገር ትተዋል፤ መንገድና መምሪያ መጽሐፍ። መንገዱ የተሠራው ለጦር መኪና ነው፤ ከጎንደር ወደ አሥመራ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ የሚወርደው ዛሬም የመሐንዲስነት ትምህርት ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1938 የጣሊያን ቱሪስት ማኅበር ያሳተመው የምሥራቅ አፍሪካ መምሪያ ሲሆን ከተሞችን፣ ርቀቶችንና ማደሪያዎችን በመስመር ዘርዝሯል። አርበኞች ገና በየጫካው እየተዋጉ ለሽርሽር የሚያዘጋጅ መጽሐፍ ማሳተም የወራሪ ድፍረት ነው፤ ሆኖም ለታሪክ ተመራማሪ ጠቃሚ ምንጭ ሆኗል። በዚያው ዘመን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያነሷቸው ከ8000 በላይ የአየር ፎቶግራፎችም በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ተገኝተው የደንና የመሬት ለውጥን ለሚያጠኑ ባለሙያዎች መነሻ ሆነዋል።

ወራሪው የወጣበት መንገድም በዚሁ አገር አለፈ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው በበላያ በኩል ወደ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ሲያመሩ፣ አብሯቸው የነበረው፣ በብሪታንያ መኮንኖች የሚመራው የጌድዮን ጦር ስንቅና ጥይት የተጫነው በሺዎች በሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች ላይ ነበር። ግመል የቆላ ከብት ነው፤ የጎጃም ዳገትና ብርድ አብዛኞቹን ፈጀ። በዚያው ወቅት ጣሊያኖች ዳንግላን ለቀው ወደ ባህር ዳር ሸሹ።

ከነፃነት በኋላ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1951 በዓለም ባንክ ብድር ታግዞ ተቋቋመና የደብረ ማርቆስ፣ ባህር ዳርና ጎንደር መንገድ ቀስ በቀስ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ ሆነ። አስፋልት ለመልበስ እስከ 1990ዎቹ ዓ.ም. ጠበቀ። ለአዲስ ቅዳም፣ ለእንጅባራና ለዳንግላ ይህ መንገድ ሁሉ ነገራቸው ነው፤ ሱቁ፣ ሻይ ቤቱ፣ የጋሪ መቆሚያው በሁለቱም ወገን ተደርድሯል። ከአዲስ አበባ ሌሊት የተነሳ አውቶቡስ የአባይን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ አብልቶ ከሰዓት በኋላ በዚህ ያልፋል። ተሳፋሪው በመስኮት የሚያየው የፈረስ ጋሪ፣ ድንች የሚሸጡ ሴቶች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዲከረንስ ደንና የከሰል ጆንያ ነው። ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር በፋግታ ለኮማ ገበሬ ማሳ ላይ ተተክሎ፣ በጥቂት ዓመት ተቆርጦ፣ ከሰል ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ከመኪና ሲታይ የጥንት ደን ይመስላል፤ ዕድሜው ግን ከአንድ ትውልድ አይበልጥም። እውነተኛውን ደን ለማየት ከእንጅባራ አጠገብ ወደ ዘንገና ሐይቅ መውረድ ያስፈልጋል፤ ሐይቁ ከመንገዱ የእግር ጉዞ ያህል ቅርብ ሆኖ ሳለ አብዛኛው መኪና ሳይቆም ያልፈዋል።

አውሮፕላን ኢትዮጵያ ምድር ላይ መጀመሪያ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። የስዊሱ አብራሪና ፎቶግራፍ አንሺ ቫልተር ሚተልሆልዘር እ.ኤ.አ. በ1934 ለንጉሠ ነገሥቱ ፎከር አውሮፕላን ሲያመጣ የአገሪቱን ደጋ ከላይ አነሳ፤ የጉዞውን መጽሐፍም በዚያው ዓመት አሳተመ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው፤ ዲሲ 3 አውሮፕላኖቹ ሣር ሜዳ ላይ ማረፍ ስለሚችሉ ከዚያ በኋላ ወደ አውራጃ ከተሞች ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1961 የቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም መሪው ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ እነዚህን በረራዎች በአንድ ክር አሰሯቸው፤ ባህር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም። «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር የፈጠሩትም እሳቸው ናቸው።

ታሪካዊው መስመር ተብሎ የሚጠራው ይህ ዙር የኢትዮጵያን ጉብኝት ለስድሳ ዓመት ቀረጸ። ዲሲ 3 ለፎከር 50፣ ፎከር 50 እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለኪው 400 ቦታ እየለቀቁ የጉዞው ሰዓት አጠረ፤ መቆሚያዎቹ ግን እነዚያው ናቸው። ባህር ዳር ያረፈ ጎብኚ ጣናንና የጢስ አባይን ፏፏቴ አይቶ ወደ ጎንደር ይበራል። ብሩስ ሳምንታት የተጓዘለት ምንጭ፣ ቺዝማን ዘጠኝ ዓመት የኖረበት ከተማ በመስመሩ ላይ የሉም። ሀብተ ሥላሴ ያቀዱት ለዘመናቸው ትክክል ነበር፤ መንገድና ሆቴል በሌለበት ጊዜ የአውሮፕላን ማረፊያ ያለበትን መያዝ ግድ ነው። ጥፋቱ መንገዱ ከተሠራ በኋላ ዙሩን ያላሰፋው የተከታዮቻቸው ነው።

ጢስ አባይም እንደ ድሮው አልቆየም። የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ሲጀምሩ ውሃው ከፏፏቴው ተጠልፎ ገደሉ ለብዙ ወራት ደረቅ ታየ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ በመሿለኪያ ውሃ መውሰድ ጀመረ። ባህር ዳር ላይ አየሩም አንድ ጊዜ አስከፊ አደጋ አሳይቷል፤ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አሥመራ የተነሳ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት ተመልሶ ሜዳ ላይ ሲያርፍ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

አየር፣ የብስና ውሃ በአንድ ጉዞ የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1968 ክረምት ነው። በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የብሪታንያ ጦር ሠራዊትና የሳይንቲስቶች ቡድን በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ወደ አባይ ሸለቆ ገባ። ቢቨር የተባለች አነስተኛ አውሮፕላን ከላይ ትቃኛለች፤ በቅሎዎች በአፋፉ ስንቅ ያመላልሳሉ፤ በሞተር ጀልባዎችና በነፋስ በተነፉ የጎማ ጀልባዎች የተሳፈሩት ወንዙን ይወርዳሉ። ክረምት የተመረጠው ጥልቅ ውሃ ለጀልባ ስለሚያመች ነው፤ ያው ውሃ አንዱን የቡድኑን አባል ወሰደ። የጎማ ጀልባው ልምድ በኋላ በዓለም የተስፋፋውን የወንዝ ቀዘፋ ስፖርት ከጀመሩት አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ከ36 ዓመት በኋላ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ወንዙን በ114 ቀን ተከትለው እ.ኤ.አ. በ2004 ሜዲትራኒያን ደረሱ።

በሰሜን ተራሮች የበቅሎው ዘመን አላለፈም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ ወጥቷል። ከደባርቅ የሚነሳ ጎብኚ ዛሬም ጓዙን በበቅሎ ጭኖ፣ ጠመንጃ ከያዘ የአካባቢ ጠባቂ ጋር በሳንቃ በርና በጨነቅ በኩል ዋልያውንና ጭላዳውን እያየ ይሄዳል። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በቅሎ ይዛ ከምጽዋ በዚህ በኩል እስከ አዲስ አበባ ስላደረገችው ጉዞ የጻፈችው መጽሐፍ ሥርዓቱ ምን ያህል እንዳልተለወጠ ያሳያል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት የውጭ ጎብኚ በእጅጉ ቀንሷል፤ ጀልባ ቀዛፊው፣ አስጎብኚውና የሆቴል ሠራተኛው ከሁሉ ይበልጥ ተጎድተዋል።

በአገው ምድር ከጉብኝት ዘመን ሁሉ ያልተቋረጠው ፈረስ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው በዓድዋ የዘመቱ አባቶችንና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነው። ሰባቱ ቤቶች አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ኳኩራ፣ ቻራ፣ መተከልና ዚገም ይባላሉ። ዓመታዊ በዓሉ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ይከበራል፤ ፈረሰኞች ጌጠኛ ኮርቻና ልጓም ባደረጉ ፈረሶቻቸው ከየወረዳው ይመጣሉ፣ ጉግስና ሽርጥ ይጫወታሉ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከባህር ዳር ሳይነጋ በመኪና ቢነሳ በዳንግላና በአዲስ ቅዳም በኩል አልፎ ግልቢያው ሳይጀመር ይደርሳል።